የዘጠነኛው ቅጽ መልስ

መስከረም 28

ለምወድሽና ለማከብርሽ አክስቴ፣ ለእታለም፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ የስፌት ማሽኑን ፔዳል እሺ ብሎ ይረግጣል ወይስ አሁንም ያኮርፋል? ፈጣሪ ዓይንሽን ይጠብቅልሽ፣ እጅሽን አያሳጣኝ። አባባስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። የተከራየሁት ክፍል ከልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ መስኮቴን ስከፍት የማየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። ግን ይሞቃል፤ አላማርርም።

የዛሬው ደብዳቤዬ ልመና አለበት። የመመረቂያ ጥናት እየሠራሁ ነው። ቤት ውስጥ የታመመ ወይም ያረጀ ሰው የሚያስታምሙ ቤተሰቦች ምን ይደርስባቸዋል የሚል ነው። ስለ በሽተኛው ሁሉም ይጠይቃል፤ አስታማሚውን "አንተስ እንዴት ነህ?" የሚለው የለም። እኔ ልጠይቅ ነው። አስተማሪያችን ተማሪው ሁሉ "መቀስ" ነው የሚላት፤ አሥር ገጽ ጽፈን ስንሰጣት ቆርጣ ቆርጣ አንድ ገጽ ስለምታስቀርልን። እሷ "የምታውቁትን ሰፈር አጥኑ" አለችን። እኔ ከእኛ ሰፈር ሌላ ምን አውቃለሁ?

ዘጠኝ ቅጽ ልኬልሻለሁ። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ቁጥር አላቸው። አስታማሚ ላለበት ቤት አድዪልኝ። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ስም አይጻፍም፣ የሞላው ሰው ፖስታውን ራሱ ያሽገዋል፣ አንቺም አትከፍቺውም። እኔም ማን ምን እንደጻፈ በፍጹም አልጠይቅም፤ ፈርሜበታለሁ። የአንዱ ማንነት እንኳ ቢታወቅ ጥናቱ ይሰረዛል፣ ዓመቱም አብሮ ይሄዳል። ባዶ ሆኖ የሚመለስ ቅጽም ጉድ ይሠራኛል፤ መቀስ ከዘጠኝ በታች አልቀበልም ብላለች።

አንድ ነገር ልጨምር። አባባን እሁድ ወደ ስፌት ቤቱ ይዘሽው ሂጂና በስልክ አገናኚኝ። ባለፉት ሁለት ደብዳቤዎች ግርጌ ላይ እሱ የሚጨምራት መስመር የለችም። "ሁለቴ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ" የምትለዋ ምክሩ እንኳ ናፈቀችኝ።

ልጅሽ


ጥቅምት 25

ለልጄ፣ ለሙጫዬ፤

እንደምን ከረምክ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ፤ ጉልበቴ እንኳ አኩርፎ አኩርፎ ሲሰለቸው ታርቆኛል። እንግዲህ ትልቅ ተማሪ ሆነህ "ሙጫ" ስልህ እንዳታፍር። ከአባትህ መላጊያ ሥር ተለጥፈህ አልላቀቅ እያልክ ነው ስሙ የወጣልህ፤ ስትመረቅም በእሱው ነው የምጠራህ።

ቅጾችህን ይዤ ስዞር ያየሁት ጉድ! ባለ ፋርማሲው ገና ወረቀቱን ሲያይ "የግብር ነው?" ብሎ ደነገጠ። ዳቦ ጋጋሪዋ እናቷን አምስት ዓመት አስታምማለች፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ አንብባ ዱቄቱ መሃል ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ ከዚያ ፊቷን በሽርጧ ጠርጋ "በይ እስክሪብቶ አምጪ፣ ዛሬ እናገራለሁ" አለችኝ። የጡረተኛው ሾፌር ልጅ ደግሞ "ገመናዬን ለማላውቀው ሰው አልጽፍም" ብላ ወርውራ መለሰችልኝ። አልፈርድባትም። ሰው እንዴት ነሽ ሲባል ደህና ነኝ ማለት ነው የለመደው።

እንደ ምንም ስምንቱ ተሞሉ። ዘጠነኛው እጄ ላይ ቀርቶ ሁለት ሳምንት የማሽኑ መሳቢያ ውስጥ ከረመ። ባዶ ከተመለሰ ጉድ ይሠራኛል ብለሃል። አይዞህ፣ ባዶ አይመለስም፤ የሚሞላው ሰው ተገኝቷል። ማን ነው እንዳትለኝ፤ ፈርመሃል።

አባትህ ደህና ነው፣ ሰላም ይልሃል። መነጽሩ ተሰብሮ ነው ያልጻፈልህ። ስልኩን አሠሪዬ "ለደንበኛ ብቻ ነው" ብላ ቁልፍ አበጅታለታለች። የዩኒፎርም ወቅት ስለሆነ አምስታችንም ሰፊዎች ቀና ብለን እንኳ አንተያይም። እሁድም ቢሆን እሱን ትንሽ ጉንፋን ነካ አድርጎታል፤ ከቤት ባይወጣ ይሻላል።

በርታ። ሲበርድህ ሁለት ካልሲ ደርብ።

አክስትህ


ቅጽ ቁጥር 9
ስም አይጻፍ

ጥያቄ 1። የሚያስታምሙት ሰው ምንዎ ነው? ሕመሙስ?
ታላቅ ወንድሜ ነው። አእምሮው እየሄደ ነው። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። አናጢ ነበር። እጁ ግን አልረሳም፤ ጠዋት ሲነሳ የክፍሉን በር በስንዝር ይለካና "ሁለት ጣት ይጎድለዋል" ይላል። በየቀኑ።

ጥያቄ 2። ሥራ ሲሄዱ ማን ይጠብቀዋል?
ማንም። በሩን ከውጭ እቀረቅርበታለሁ። በፊት አልቀረቅርም ነበር፤ አንድ ቀን ዋናው መንገድ መሃል ቆሞ የጭነት መኪና ሲለካ አገኙት። በሩን የሠራው ራሱ ነው። ጠንካራ ነው፣ ቢደበድበውም አይከፈትም።

ጥያቄ 3። ተቆጥተው እጅዎን አንስተው ያውቃሉ?
አዎ። አንድ ጊዜ። ለነጋታው የማስረክበውን ሥራ በመቀስ ተልትሎ ጠበቀኝ። በእንጨት ማስመሪያ እጁን መታሁት። አላለቀሰም። ማስመሪያውን ተቀብሎኝ አገላብጦ አየና "ይሄስ ትክክል ነው" አለኝ። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ጥያቄ 4። የሚያስታውሰው ሰው አለ?
አንድ ልጅ አለው። ሰውን ሁሉ በልጁ የቤት ስም ይጠራል፤ ውሃ የሚያመላልሰውን ሰውዬ ሳይቀር።

ጥያቄ 5። ሌሎች የቅርብ ዘመዶች ስለ ሕመሙ ያውቃሉ?
ልጁ አያውቅም። ሩቅ አገር ይማራል። ወንድሜ ገና አእምሮው ሳለ እጄን ይዞ "ተመርቆ እስኪመጣ እንዳትነግሪው" ብሎ አስማለኝ። ማልኩ።

ጥያቄ 6። ምን ቢደረግልዎ ይወዳሉ?
ልጁ ቢያውቅ። ግን እኔ ሳልነግረው።


ታኅሣሥ 6

ለእታለም፤

ጤናሽን ያብዛልሽ፣ የደከምሽበትን በደስታ ይመልስልሽ። ፖስታው በደህና ደርሶኛል። ዘጠኙም ሙሉ ናቸው።

ዘጠነኛውን የከፈትኩት የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እዚያው ቁጭ ብዬ ቀረሁ፤ ተማሪው እየዘለለኝ ነው የወጣው። ማን እንደጻፈው አልጠይቅም። የሰው አደራ ነው። መቀስ ግን አንዲት ፊደል ሳትቆርጥ መለሰችልኝ። እንዲህ ሆና አያውቅም። "የጥናትህ ልብ ይሄ ነው፤ ለእኚህ ሰው ተጨማሪ ጥያቄ ላክ" አለችኝ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለቁጥር ዘጠኝ የሚሰጡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። እባክሽ አድርሺልኝ።

አባባ ደህና በመሆኑ ደስ ብሎኛል። መነጽሩን በቶሎ ያሠራ። ጉንፋኑስ ለቀቀው?

እታለም፣ ያ የአባባ ክፍል በር አሁንም ከታች ንፋስ ያስገባል? ሕፃን ሆኜ "ሁለት ጣት ይጎድለዋል፣ አንድ ቀን አስተካክለዋለሁ" ይለኝ ነበር። እንዲያው ትዝ አለኝ።

ልጅሽ


ጥር 19

ለሙጫዬ፤

ስለዘገየሁ አትቀየመኝ። ዓይንህን የሚያሳየኝን ቀን ፈጣሪ ያቅርብልኝ። ደብዳቤህ ሥራ ቦታ ነው የደረሰኝ፤ አንብቤ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፣ አንድ ኮሌታ ሰፍቼ እንደገና አወጣሁት፣ ሌላ ኮሌታ ሰፍቼ ደግሞ አወጣሁት። አሠሪዬ "የፍቅር ደብዳቤ ነው እንዴ፣ በስተርጅና!" ብላ አሳቀችብኝ። በዚያን ቀን የሰፋሁት ኮሌታ ሁሉ ተፈትቷል።

የጠየቅከኝ በር፣ አዎ፣ ንፋስ ያስገባል። ከታች ቁራጭ ጨርቅ ወትፌበታለሁ። ስለ በሩ ሌላ የምትጠይቀኝ ነገር አለ? ካለ ጠይቀኝ። ለተጠየቅኩት ሁሉ መልስ አለኝ። ሳልጠየቅ የማወራ ሴት አለመሆኔን ደግሞ ታውቃለህ።

አባትህ ደህና ነው፣ ሰላም ይልሃል። ስልኩ አሁንም ያው ነው።

ጥያቄዎችህን ለቁጥር ዘጠኝ ሰጥቻለሁ። መልሱ ይኸው።

አክስትህ


ቅጽ ቁጥር 9፣ ተጨማሪ ጥያቄ

ጥያቄ 1። ልጁ ቢመጣ ታማሚው ያውቀዋል?
ጠዋት ጠዋት፣ አንዳንዴ። ከሰዓት በኋላ አያውቀውም። አሁን መዋጥም እያስቸገረው ነው፤ ሾርባ በማንኪያ ነው የምሰጠው፣ ግማሹ አንገቱ ላይ ይቀራል። ሐኪሙ ዝናቡ እስኪገባ መቆየቱን እጠራጠራለሁ ብሎኛል።

ጥያቄ 2። ልጁ ትምህርቱን አቋርጦ አሁን ቢመጣ ይሻላል ወይስ ጨርሶ?
ይህን እኔን አትጠይቁኝ። መሐላ አለብኝ። ልጁን ጠይቁት።

ጥያቄ 3። ታማሚው ልጁን በምን ስም ነው የሚጠራው?
ስም አይጻፍ ተብሏል።


የካቲት 15

ለእታለም፤

ቸር ሰንብተሽ ይህ ደብዳቤ ይድረስሽ። የአንቺን ካገኘሁ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፤ ሥራው በዝቶብኝ ነው። ሦስተኛው ምዕራብ አልቋል፣ አራተኛው ቀርቷል። አራተኛው ሙሉ በሙሉ በቁጥር ዘጠኝ ላይ ነው። ከመጻሕፍት ቤቱ የምወጣው ዘበኛው ወንበር መገልበጥ ሲጀምር ነው።

ጥናቱን የማስረክበው መጋቢት 20 ነው። በዚያው ሳምንት ለእረፍት እመጣለሁ፤ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጫለሁ። ለአባባ ንገሪው። ጠዋት ላይ ንገሪው።

ለቁጥር ዘጠኝ ደግሞ "አንድ ወር ብቻ ታገሺ" በያት። ብዙ ታግሣለች፣ አውቃለሁ። አንድ ወር ምን አላት?

ስለ በሩ የምጠይቅሽ ነገር ነበረኝ። ግን ስመጣ ቢሆን ይሻላል።

ልጅሽ


መጋቢት 2

ለልጄ፤

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ፈጣሪ የጀመርከውን ያስጨርስህ።

አባትህ ሰላም ይልሃል። ሐሳብህን ሰብስብና ጥናትህን ጨርስ።

ከቁጥር ዘጠኝ የተሰጠችኝን አንዲት ወረቀት አብሬ ልኬያለሁ።

አክስትህ


ቅጽ ቁጥር 9
ማንም ሳይጠይቅ የተሞላ

ታማሚው አሁን ያለበት ሁኔታ፦
የለም። የካቲት 24፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ። በሩ ክፍት ነበር።


መጋቢት 30

ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽ የምልበት አፍ የለኝም።

ፖስታሽ የደረሰኝ መጋቢት 17 ነው። ወፈር ያለ ነበር። ውስጡ ሌላ ወረቀት እንዳለ በጣቴ ዳስሼ አውቄያለሁ። አልከፈትኩትም። ከፍራሼ ሥር ከትቼ ሦስት ቀን ተኛሁበት። መጋቢት 20 ጥናቱን አስረክቤ፣ ከጓደኞቼ ጋር ሻይ ጠጥቼ፣ ከዚያ ገብቼ ከፈትኩት። አንዱ ወረቀት "አባትህ ሰላም ይልሃል" ይላል። ሌላው "የለም" ይላል። ሁለቱም ያንቺ እጅ ጽሕፈት ነው።

ከመጀመሪያው አውቄ ነበር፣ እዚያ ደረጃ ላይ። "ሁለት ጣት ይጎድለዋል" የሚል ሌላ ሰው በዓለም ላይ የለም። የጥር ወር ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀን ፈቃድ ልጠይቅ መቀስ ቢሮ ገባሁ። "ቤተሰብ ታሞብኛል" አልኳት። "ማን?" አለችኝ። አባቴ ካልኳት ቁጥር ዘጠኝ ማን እንደሆነች ትለያለች፣ ጥናቱ ይሰረዛል። ስለዚህ "የሩቅ ዘመድ ነው" አልኳት። አባቴን፣ እታለም። አባቴን የሩቅ ዘመድ አልኩት። "እንግዲያው አስረክበህ ትሄዳለህ" አለችኝ፤ ምን ትበል?

ያን ሁሉ ጊዜ ሕግ እያከበርኩ ነው፣ የሰው አደራ እየጠበቅኩ ነው ስል ከረምኩ። ውሸቴን ነው። ሕጉ ተመችቶኝ ነበር። አለመጠየቅ ከመጠየቅ ይቀላል፤ ብጠይቅሽ ትነግሪኛለሽ፣ ብትነግሪኝ መምጣት ሊኖርብኝ ነው።

ውጤቱ ትናንት ተለጠፈ። ከክፍሉ አንደኛ ወጥቻለሁ። መቀስ ዳር ላይ "ቁጥር ዘጠኝን መቼም አልረሳትም" ብላ ጽፋለች። ጓደኞቼ እየጨፈሩ ትከሻቸው ላይ አወጡኝ። ፊቴን አይቶ "ምን ሆነሃል?" ያለኝ አንድም የለም። የቤተሰብ ጉዳይ አጥኚዎች ነን እንግዲህ።

ትኬቱን መለስኩት። ከእንግዲህ ማንን ላይ ብዬ ልምጣ?

ቁጥር ዘጠኝን ስታገኚያት "ይቅር በይው" በይልኝ።

ልጅሽ


ሚያዝያ 17

ለሙጫ፤

ዛሬ ሰላምታም ምርቃትም ከላይ አልጽፍም።

ቁጥር ዘጠኝ ይቅር ብላሃለች። እኔ ገና ነኝ።

ደብዳቤህን ያነበብኩት ማሽኑ ላይ ሆኜ ነው። ሥራ ቤት ነው አላልኩም፣ ጮኼ አለቀስኩ። አሠሪዬ፣ ያቺ እኛ ሰፊዎቹ ምላጭ የምንላት ሴትዮ፣ የስልኩን ቁልፍ አውጥታ ፊቴ አስቀመጠችና "ደውይለት" አለችኝ። አልደወልኩም። ይህ በስልክ የሚባል አይደለም።

ተናድጄብሃለሁ፤ ምን እደብቅሃለሁ? ስለ በሩ ስትጽፍልኝ "ልጄ አውቋል" ብዬ ማሽኑ ላይ ተደፍቼ ፈጣሪን አመሰገንኩ። የቀረህ አንድ ቃል ነበር። "አባቴ ነው ወይ?" ማለት ብቻ። የማልኩት አትንገሪው ተብዬ ነው እንጂ ሲጠይቅሽ ካጂው ተብዬ አይደለም። ብትጠይቀኝ በዚያው ቀን ከመሐላዬ እፈታ ነበር። ጠይቀኝ ብዬ ጻፍኩልህ፣ ከዚህ በላይ እንዴት ልበልህ? የአንተን ፖስታ ስከፍት ያችን ቃል እንደ ወደቀ መርፌ ነበር የምፈልጋት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። አንተ "አንድ ወር ምን አላት?" ብለህ ላክህልኝ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ከቀበርኩት በኋላ "ሰላም ይልሃል" ብዬ የጻፍኩ ሴት ነኝ። እስኪመረቅ ብሎ አስምሎኝ ነበርና ሞቶም አለቀቀኝም። ዓመትህ ቢበላሽ በእኔ ላይ ነው የሚፈርድብኝ ብዬ ፈራሁት፤ የሞተ ወንድሜን። ጠረጴዛው ላይ ደብዳቤውን በቀኝ፣ ቅጹን በግራ አድርጌ ነው የጻፍኳቸው። እዚህኛው ላይ ዋሸሁ፣ እዚያኛው ላይ እውነት ተናገርኩ፣ ከዚያ አንድ ላይ አሸግኳቸው። እብደት ነው፣ አውቃለሁ። ካንተው ነው የለመድኩት።

ያን ቀን ሥራ አልሄድኩም። አተነፋፈሱ አላማረኝም። በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት፤ ስንት ወር ዘግቼበት፣ ያን ቀን እንኳ ተከፍቶ ይየው ብዬ። ከተኛበት ሆኖ አየው። እጁን ዘርግቶ በስንዝር ሊለካው ሞከረ፣ አልደረሰበትም። ክንዱን ይዤ አልጋው ላይ መለስኩለት።

ማንን ላይ ብዬ ልምጣ ነው ያልከው? እኔን ነዋ! ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ለአባትህ እኔ ነበርኩለት። ለእኔ ማን እንዳለኝ በጥናትህ ውስጥ የጠየቅኸኝ ቦታ የለም፤ ደግሜ አየሁት፣ የለም።

ትኬቱን መልሰህ ቁረጥ። አንተ ባሳየኸኝ ሙያ እኔም ቅጽ አዘጋጅቼልሃለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፤ ያን ቀን ከደረጃው ስትነሳ ለምን ወደ ቤት አልመጣህም? በፖስታ የሚመጣ መልስ አልቀበልም። በእኔ ቅጽ ላይ ደግሞ ስም ይጻፋል።

ሳልመልስልህ ያለፍኩት ጥያቄም አለ። ልጁን በምን ስም ነው የሚጠራው ብለህ ነበር። ሙጫ ነው የሚለው። ውሃ አመላላሹን ሙጫ፣ ሐኪሙን ሙጫ። ያን ቀን ጠዋት እኔን ትክ ብሎ አየኝና "ሙጫ፣ መጣህ?" አለኝ።

"አቤት አባባ፣ መጣሁ" አልኩት። ምን ልበለው?

አክስትህ